በቀጭን ክር ቆሮሶ ማጥመድ፦ ከድሬ ወጥቶ ሐረማያ መዋል

«ይሄ የግመል ገመድ ነው እንዴ?» አለኝ ልጁ፣ ክሬን በሁለት ጣቱ አንስቶ እያየ። ዕድሜው ከአሥር አይበልጥም። እኔ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛሁትን ወፍራም ናይለን፣ የትንሽ ጣቴን ግማሽ በሚያህል መንጠቆ ላይ አስሬ ከጠዋት ጀምሮ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ተገትሬያለሁ። እሱ በአንድ ሸምበቆ፣ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር ክርና የምስር ፍሬ በምታክል መንጠቆ ሰባት ቆሮሶ አውጥቶ በሣር ሰክቷቸዋል። የኔን ትል ዓሦቹ ዳር ዳሩን እየለቀሙ ይጨርሱታል፤ እኔም ባዶ መንጠቆ አውጥቼ እንደገና እሰካለሁ። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስቀልብ ዋልኩ ማለት ነው።

ልጁ ልክ ነበር። ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፊ ቢሆንም አፉ ትንሽ ነው፤ የሚበላውንም በጥርጣሬ ነው የሚቀምሰው። ወፍራም ክር ያያል፣ ክሩን የሚያሰምጠው ከባድ እርሳስ ሲጎትተው ይተፋል። መፍትሔው ሁሉንም ነገር ማሳነስ ነው፤ ክሩን፣ መንጠቆውን፣ እርሳሱን፣ ምግቡን። ፈረንጆቹ ይህንን አልትራላይት ይሉታል፤ እነሱ ጋ በብዛት የሚጠመድበት ብሉጊልና ባስ ነው፣ ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ ዓሦች። ብሉጊል መዳፍ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ አፈ ትንሽ፣ መጥበሻ ላይ ልክ የሚሆን ነው። ባስ ደግሞ አፈ ሰፊ አዳኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የተያዘው ባለ ክብረ ወሰን ከ10 ኪሎ ትንሽ ያልፍ ነበር፣ በ2009 ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ የተያዘ ሌላ ባስ እኩል ተብሎ አብሮት ተመዘገበ። እኛ ጋ የብሉጊልን ቦታ ቆሮሶ ይተካዋል። ባስን የሚተካ የለንም። ከጭቃው ተነስቶ ድንገት ክራችሁን ይዞ የሚሄደው አምባዛ ነው፤ ስለ እሱ በኋላ።

የፈረንጆቹን ቪዲዮ አይታችሁ የምትጀምሩ ከሆነ ግን ሁለት ነገር አትቅዱ፤ ሰዓታቸውንና ማጥመጃ ምግባቸውን። የቀረው ሁሉ ይሠራል።

መቼ መውጣት

ቪዲዮው ሁሉ «ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ተገኙ» ይላል። እኔም ሰምቼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ የደንገጎን ዳገት በጨለማ ወጥቼ አውቃለሁ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በአንድ ሸሚዝ ከሳቢያን፣ ከድሬው ሰፈር፣ የወጣ ሰው ሐይቁ ዳር ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ከኅዳር እስከ ጥር ሣሩ ላይ አመዳይ የሚታይባቸው ማለዳዎች አሉ። ቆሮሶ ደግሞ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብ አያምረውም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ብርድ ለብሳችሁ ያልነቃ ዓሣ ትጠብቃላችሁ።

እኔ አሁን ከድሬ የምነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሮ ሐረማያ ላይ መውረድ ነው፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር። ከሐረር ለምትመጡ መንገዱ በአወዳይ በኩል ነው፣ ከዚያ ግማሹን ያህል ቢሆን ነው። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ለጫት መኪና መንገድ ልቀቁ፤ እነሱ ባቡር የሚያመልጣቸው ይመስላቸዋል። ከረፋዱ 3 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ስታሞቀው ዓሣው ወደ ዳር ይመጣል። ምርጡ ከ4 እስከ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ ነፋስ ይነሳል። በሞቃቱ ወራት ግን ማለዳም፣ ማታም ይሠራል።

ሐይቁን ማወቅ

ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት ከእሱ ትጠጣ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በሞተር ይጠጣው ነበር፣ ከኮረብታው የሚታጠበው አፈርም ሞላው። ከብት ጋጠበት፣ ሰው አረሰበት። በ2010ዎቹ ውሃው ተመለሰ። ሲመለስ የቆሙ ሰዎች ደስታ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ይህ ለአጥማጅ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ወለሉ እርሻ ስለነበረ ዝርግ ነው፤ ዳሩ ላይ ረጅም ርቀት ብትሄዱ ውሃው ጉልበት አይደርስም። ሁለተኛ፣ ሐይቁ በደረቀ ጊዜ ገበሬዎች ውሃ ፍለጋ ወለሉን ቆፍረዋል። እነዚያ ጉድጓዶችና ቦዮች ከውሃ በታች የት እንዳሉ ዳር ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አታጥምዱ። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ጉድጓዱ ሰው ይውጣል፤ ቢልሃርዚያ ደግሞ በዓይን አይታይም። ለዓሣ ግን የቦይ ጠርዝ ቤቱ ነው። ዝርግ ወለል ላይ ያለች አንዲት ስርጉድ፣ የወደቀ አጥር፣ የሸምበቆና የፊላ ዳርቻ፣ የሞተር ቱቦ የገባበት ጥግ፤ ቆሮሶን እዚያ ፈልጉት።

ነፋስ ከተነሳ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ መቆም ያምራችኋል፣ መወርወር ስለሚቀል። ነፋሱ ግን የሞቀውን የላይኛውን ውሃና ተንሳፋፊውን ምግብ ገፍቶ የሚወስደው ወዲያ ማዶ ነው። ማዶ ሄዳችሁ ነፋሱን በጎን ተቀበሉት።

ዕቃው

ዘንግ፦ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ጫፉ እንደ ጅራፍ የሚለመጥ። የኔን ውጭ የሚኖር ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ካላገኛችሁ አትጨነቁ፤ 3 ወይም 4 ሜትር የሆነ ደረቅ ሸምበቆ፣ ጫፉ ላይ የዘንጉን ቁመት ያህል ክር አስራችሁ፣ ዳር ላለ ቆሮሶ ከማንኛውም የፋብሪካ ዘንግ አያንስም። የማሽላ አገዳ ግን አይሆንም፣ ይሰበራል።

ሪል (ክር የሚጠቀልለው ማሽን)፦ ትንሹን፣ 500 ወይም 1000 ቁጥር የተጻፈበትን።

ክር፦ 0.16 ወይም 0.18 ሚሊ ሜትር። ባለ 4 ፓውንድ የሚባለው 1.8 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ይበጠሳል ብላችሁ አትፍሩ፤ አብዛኛው ቆሮሶ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ በኋላ የምነግራችሁ የሪሉ ፍሬን አለ።

መንጠቆ፦ ከ10 እስከ 14 ቁጥር። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ በሉ፤ እኔ መጀመሪያ «2 ቁጥር ትንሽ መሆን አለበት» ብዬ ነው ያን የመርከብ መልሕቅ የገዛሁት።

ተንሳፋፊ፦ የጠርሙስ ቡሽ ይሠራል፣ ግን ለቆሮሶ ወፍራም ነው። የኔ ምርጫ የጃርት እሾህ ነው። ቀላል ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ትንሽ ስትነካው ይናገራል። ጥቁርና ነጩ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ሁለት ጫፉን ከብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ በተሠራ ቀለበት ከክሩ ጋር ታጠብቁታላችሁ፤ ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋችሁ ጥልቀት ትለካላችሁ።

እርሳስ፦ የማሽላ ፍሬ የምታክል አንዲት፣ ቢበዛ ሁለት። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ክሩ ላይ በጥርስ ሳይሆን በመቆንጠጫ ጨብጧት፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ቋጠሮና ፍሬን

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ በቀጭን ክር ዓሣ የሚያመልጠው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እነዚህ ሁለቱ ጋ ነው።

የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዓይን አሳልፋችሁ አንድ ስንዝር ትርፍ አውጡ። ትርፉን ዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙ። ጫፉን ወደ ኋላ መልሳችሁ መንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት አስገቡ። ይህን ስታደርጉ ሌላ ሰፊ ቀለበት ይፈጠራል፤ ጫፉን በእሱም አሳልፉ። አሁን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። በደረቁ ከሳባችሁት ክሩ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይግላል፣ የጋለ ናይለን ደግሞ ይዳከማል። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ጥምዝምዙ እንደ ትንሽ ጥቅል እየተደረበ መንጠቆው ላይ ይቀመጣል። ትርፉን ቁረጡ። ከዚያ መንጠቆውን የሆነ ነገር ላይ ሰክታችሁ ጎትቱት፤ የሚበጠስ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይበጠስ።

ፍሬን የምለው ሪሉ ላይ ያለችውን የምትዞር ቁልፍ ነው፤ ዓሣው ሲስብ ክሩ በምን ያህል ጉልበት እንደሚለቀቅ የምትወስነው እሷ ናት። የመኪና ፍሬን ስለምናውቅ እስከ መጨረሻው የማጥበቅ ልማድ አለን። ስህተት ነው። ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ክሩ ከሚሸከመው ከሩብ እስከ ሲሶ በሚሆን ጉልበት ነው። ለ1.8 ኪሎ ክር ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመጣል። ግማሽ ኪሎ ደግሞ በየሱቁ አለ፤ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ነው። ክሩን በላስቲክ ጠርሙሱ አንገት እሰሩት፣ ዘንጉን ወደ ላይ አንሱ። ጠርሙሱ ከመሬት ከፍ ብሎ ክሩ እየተንቀራፈፈ መውጣት ከጀመረ ልክ ነው። ተንጠልጥሎ ድርቅ ካለ አላሉት፤ ከመሬት አልነሳም ካለ ትንሽ አጥብቁት። ከዚያ ጠጡት።

ምግቡ

ቆሮሶ በአብዛኛው አረንጓዴ በል ነው፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ነገርና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር መሳይ አልጌ ይግጣል። የፈረንጆቹ የሚያብረቀርቅ አርቲፊሻል ዓሣ ለባስ እንጂ ለእሱ ብዙም አይሆንም። እኔ ሦስት ነገር እይዛለሁ።

የምድር ትል፦ ጫት ማሳ ውስጥ ውሃ የሚጠጣበት ቦይ ዳር ይገኛል፤ ባለቤቱን ሳትጠይቁ ግን አትቆፍሩ። ሙሉውን አትስኩ። የጥፍር ርዝመት ያህል ቆርጣችሁ የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ አልብሱት።

የማሽላ ገንፎ፦ ማታ ቤት ይዘጋጃል። በአንድ ስኒ የፈላ ውሃ የማሽላ ዱቄት እየጨመራችሁ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ እስኪያቆም አማስሉ። ሲበርድ ሁለት ጠብታ ዘይትና ትንሽ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ እሹት። ምስጢሩ ጥጥ ነው። ቁንጥር ጥጥ እንደ ሸረሪት ድር አሳስታችሁ ከሊጡ ጋር ለውሱት፤ ስትወረውሩት አይረግፍም፣ ዓሣውም በአንድ ጉርሻ አይሰርቀውም። ከሽምብራ ያነሰ አድርጋችሁ ድቡልቡሏን መንጠቆው ላይ ጨብጡ።

ሁለቱም እምቢ ሲሉ ድንጋይ ላይ ያለውን አረንጓዴ አልጌ ነቅላችሁ መንጠቆው ላይ ጠምዝዙት። አይታመንም፣ ግን ሲወስደው አይቻለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጭብጥ ፉርሽካ በሐይቁ ውሃ አርጥባችሁ ልትጥሉበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ በትኑ። አንድ ጭብጥ ብቻ። መሰብሰብ ነው የምትፈልጉት፣ ድግስ አይደለም።

መጣልና መሳብ

መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ከመንጠቆው ክንድ ያህል ከፍ አድርጉት። ተጋድሞ ከቀረ እርሳሱ ወለል ነክቷል፤ ዝቅ አድርጉት፣ ምግቡ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ እስኪንጠለጠል ድረስ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ዝቅ በሉ። ነጭ ሸሚዝ አትልበሱ። ደግሞ ዳር ላይ ሆናችሁ እግራችሁን አትደብድቡ፤ ዓሣ ድምፁን በውሃው ውስጥ ይሰማል።

አሁን ተንሳፋፊውን፣ የጃርት እሾሁን እዩ። ቆሮሶ እንደ አምባዛ ጎትቶ አይሄድም። መጀመሪያ ይነካል፤ የእሾሁ ጫፍ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ዙሪያው ትንሽ የውሃ ቀለበት ይወጣል። አትሳቡ። ያቆማል። አሁንም አትሳቡ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወይ እሾሁ ወደ ጎን ሸርተት ይላል፣ ወይ ደግሞ ቀና ብሎ ይጋደማል፤ መጋደሙ ዓሣው ምግቡን ጎርሶ ወደ ላይ ስለተነሳ ነው፣ የእርሳሱ ክብደት ከእሾሁ ላይ ወረደ ማለት ነው። ያኔ አንጓችሁን ብቻ ከፍ አድርጉ። መላ ክንዳችሁን አይደለም። ጀማሪ ሁሉ በዚች ቅጽበት ዓሣውን ከነመንጠቆው ትከሻው ላይ ሊያመጣ ይሞክራል፤ ቀጭን ክር ይህን አይችልም።

ሲያዝ ቆሮሶ ሰፊ ጎኑን ሰጥቶ ይዞራል፣ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ይመስላል። ዘንጉን ከፍ እንዳለ ያዙ፤ ሲስብ ስጡት፣ ሲቆም ጠቅልሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታድርጉ። ዳር ሲደርስ ክሩን ይዛችሁ አታንሱት፣ በትንሽ መረብ ወይም በረጠበ እጅ ተቀበሉት። ጀርባው ላይ ያሉት እሾሆች ይወጋሉ። መዳፋችሁን ከራሱ ወደ ጅራቱ እያንሸራተታችሁ እሾሁን አስተኝታችሁ ያዙት።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለሉ ላይ ትሪ የሚያህሉ ክብ ጎድጓዳዎች ካያችሁ የወንዱ ጎጆዎች ናቸው። ወንዱ እዚያ ቆሞ የመጣውን ሁሉ በቁጣ ይነክሳል፣ መያዙም ቀላል ነው። ተዉት። ሴቷ እንቁላሉን የምትፈለፍለው በአፏ ውስጥ ይዛ ነው፤ መንጠቆ ስታወጡ ከአፏ ቢጫ ፍሬ ከፈሰሰ ወዲያው ወደ ውሃው መልሷት። አንድ ጊዜ ደርቆ ያየነው ሐይቅ ነው አቦ።

አምባዛ ከመጣ ታውቁታላችሁ። እሾሁ አይንቀጠቀጥም፤ ይጠፋል። ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፣ ፍሬኑን እያስጮኸ ይሄዳል። ከላይ ያልኩት የጠርሙስ ፈተና ለእሱ ቀን ነው። እኔ ፍሬኔን አጥብቄ የነበረ ቀን አንዱ አምባዛ የዘንጌን ጫፍ ሰብሮ ሄደ፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ልቀቁት ይሂድ፣ ሲደክም በዳሩ እየተራመዳችሁ ተከተሉት፣ ወደ ሸምበቆው ከገባ ግን ክሩን ቆርጦ መሰነባበት ነው።

ከሰው ጋር

ሐይቁ ዳር ያለው ሁሉ የሰው ማሳ ነው። አጥር ከመሻገራችሁ በፊት ሰላምታ፤ «አካም ቡልተኒ» ካላችሁ ግማሹ ነገር አለቀ። ቱቦ አትርገጡ፣ ሞተር አጠገብ አትቁሙ። በመረብ የሚያጠምዱ ሰዎች ካሉ መረባቸው ካለበት ራቁ፤ ለእነሱ እንጀራ ነው፣ ለእናንተ መዝናኛ። አገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ አላት፣ ቁጥር 315/1995፤ ሐይቁ ያለው ደግሞ ኦሮሚያ ውስጥ ነውና መጀመሪያ ስትሄዱ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ለልጆቹ ሁለት ሦስት ትርፍ መንጠቆ ያዙ። ከገንዘብ ይልቅ እሱን ይወዱታል፣ የት እንደሚበላም የሚያሳዩአችሁ እነሱ ናቸው።

ይዞ መውረድ

ደንገጎን ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይቀበላችኋል፤ ድሬ ስትደርሱ ያልቀዘቀዘ ዓሣ ሸትቷል። ማታ አራት የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ዘንቢሉ ውስጥ በረዶ ናቸው፣ ማታ መጠጥ። ዓሣውን እንደያዛችሁ ግደሉት፣ ሆዱን ክፈቱና አጽዱት፣ ስንጥቡንም አውጡ፤ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው። ሆድ ዕቃውን ውሃው ውስጥ አትጣሉ፣ ቅበሩት። ዓሣውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላችሁ በጠርሙሶቹ መሀል አስተኙት፣ የቀለጠው ውሃ ውስጥ ግን አይንሳፈፍ።

ቅርፊቱን ከሳቢያን ይልቅ ሐይቁ ዳር ፋቁት፣ ካልሆነ ባለቤቴ እንዳለችው «ግድግዳው ላይ ፈርጥ ለጥፈህብኛል» ትባላላችሁ። በማንኪያ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ነው። ቤት ስትገቡ ጎንና ጎኑን በጣት ስፋት ልዩነት እስከ አጥንቱ ሰንጥቁት፣ ጨው እሹት፣ ሩብ ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ በጨርቅ በደንብ አድርቁት። እርጥብ ዓሣ ዘይት ያስፈነዳል። ዘይቱ በጣም ሲግል ሙሉውን ጣሉት፣ አንዱ ጎን ወርቅማ ሳይሆን አታገላብጡት፣ ይፈራርሳል። ሎሚው ከወጣ በኋላ ነው የሚጨመቀው። ዳጣ ጎኑ ይቀመጥ።